«ሲስተም የለም» ከተባለ በኋላ፦ ሰነድ የሌለው ኔትወርክ ለሚረከብ ባለሙያ

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ከመስኮት ፊት የተሰለፈ ባለጉዳይ ደጋግሞ የሚሰማው መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ነው። ባለጉዳዩ ይህን ሰምቶ «በቃ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ የኔትወርክ ባለሙያው ሥራ ግን የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በዚህች አጭር አነጋገር ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ በርካታ ብልሽቶች ይሸሸጋሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው ስዊች ተቃጥሎ ይሆናል፤ ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጣው መስመር ተቋርጦ ይሆናል፤ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ቆሞ ይሆናል፤ የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ ይሆናል፤ ወይም ቢሮ ሲጸዳ ጠረጴዛ ተገፍቶ አንድ ኬብል ተነቅሎ ይሆናል። የባለሙያው ችሎታ የሚለካው ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ በስንት ደቂቃ እንደሚለይ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥቶ ከ50 እስከ 100 የሚደርሱ ኮምፒውተሮች ያሉበትን መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ለሚረከብ፣ ይልቁንም የቀድሞው ባለሙያ አንድ ገጽ ሰነድ እንኳ ሳይተው ለሄደበት ሰው ነው። ብዙዎቻችን ሥራ የጀመርነው በዚህ ሁኔታ ነው። መሥሪያ ቤትን ከረጅም መቋረጥ በማዳን ረገድ ከውድ መሣሪያ ይልቅ በትክክል የተጻፈ መዝገብ እንደሚበልጥ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ወደፊት ለተሻለ የሥራ መደብ ሲወዳደሩም አፍዎን ሞልተው እንዲናገሩ የሚያደርግዎት ያው መዝገብ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ሥራ በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት፣ የተቋረጠ አገልግሎት ለመመለስ ካልሆነ በቀር፣ የማንኛውንም መሣሪያ ኮንፊገሬሽን (የአሠራር ቅንብር) ባይነኩ ይመረጣል። ከሁሉ አስቀድሞ የትኞቹን መሣሪያዎች የመክፈት፣ የመፈተሽና የመለወጥ ሥልጣን እንደተሰጠዎት የሚገልጽ ደብዳቤ ከኃላፊዎ ያስጽፉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል የሚያስጠይቅ ስላደረገ፣ ኔትወርኩን የሚቃኝ ፕሮግራም ማስኬድ እንኳ በጽሑፍ በተሰጠ ኃላፊነት ቢደገፍ ለእርስዎም ለመሥሪያ ቤቱም ይበጃል። አዲስ ተቀጣሪ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ እኔ ግን ጠይቄው የተቀየመ ኃላፊ አልገጠመኝም።

ከዚያ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው፣ መስመሩ ከውጭ ወደ ሕንፃው ከሚገባበት ቦታ ይነሡ። ፋይበሩ የሚያርፍበትን መሣሪያ፣ ቀጥሎ ያለውን ራውተር (የውስጡን ኔትወርክ ከውጭው የሚያገናኘውን) ወይም ፋየርዎል (የሚገባና የሚወጣውን የሚያጣራውን)፣ ከዚያ የሚወጣውን ኬብል የሚቀበለውን ስዊች እያሉ እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ ድረስ በእግርዎ ይከተሉ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሞዴሉን፣ ሴሪያል ቁጥሩን፣ ያለበትን ክፍል፣ አይፒ አድራሻውን (በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር)፣ መብራት የሚያገኝበትን ሶኬትና በየፖርቱ (በየኬብል መሰኪያ ቀዳዳው) የተሰካው ኬብል የት እንደሚደርስ ይጻፉ። የመጨረሻው አሰልቺ ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በችግር ቀን ግን ከሁሉ በፊት የሚፈለገው እሱ ነው። የእያንዳንዱ ኬብል ሁለት ጫፎች አንድ ዓይነት መለያ ይለጠፍባቸው፤ ለምሳሌ «2-1-17» ቢባል ሁለተኛ ፎቅ፣ ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) 1፣ የፓች ፓነሉ (ከየክፍሉ የሚመጡ ኬብሎች የሚያርፉበት ሰሌዳ) 17ኛ ቀዳዳ ማለት ይሆናል። በፕላስተር ላይ በተራ እስክሪብቶ የተጻፈ መለያ ቶሎ ስለሚደበዝዝ የመለያ ማተሚያ ወይም የማይለቅ ማርከር ይጠቀሙ።

የዚህ ሥራ ዋጋ የገባኝ በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። በወቅቱ በምሠራበት መሥሪያ ቤት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከሦስት ክፍሎች በተከታታይ ተደወለልኝ። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር በትክክል ሲሠራ አጠገቡ ያለው ምንም አይከፍትም፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም «የእሷ እየሠራ የእኔ ለምን እምቢ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር፤ መልሱም እዚያው ውስጥ ነበር። የእሷን ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ ስመለከት፣ የመሥሪያ ቤታችን አድራሻዎች በ192.168.10 የሚጀምሩ ሆነው ሳለ፣ እሱ 192.168.0.104 ይላል። ይህ ማለት ከእኛ ሰርቨር በተጨማሪ ለኮምፒውተሮች አይፒ አድራሻ የሚያድል ሁለተኛ ዲኤችሲፒ በኔትወርኩ ውስጥ አለ ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድን ሳይጠፉ የሰነበቱት ኮምፒውተሮች የቀድሞ አድራሻቸውን ይዘው ቀጥለዋል፤ ጠዋት የተከፈቱት ግን ጥያቄ ሲልኩ ቀድሞ የመለሰላቸው እንግዳው መሣሪያ ነበር።

ከተበላሸው ኮምፒውተር ላይ የእንግዳውን መሣሪያ፣ የ192.168.0.1ን፣ ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠውን መለያ) አወጣሁ፤ ያንኑ አድራሻ በስዊቹ የማክ ሠንጠረዥ ውስጥ ስፈልግ በፖርት 17 በኩል እንደሚመጣ አገኘሁ። እስከዚህ ድረስ 10 ደቂቃ አልወሰደም። ፖርቱን በአንድ ትእዛዝ መዝጋት እችል ነበር፤ ነገር ግን 17 የት እንደሚደርስ የሚነግረኝ አንድም ጽሑፍ አልነበረም፤ በዚያ መስመር ላይ የፋይናንስ ሰርቨሩም ሊኖር ይችላል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ መሰላል አስመጥቼ ኮርኒስ እያነሣሁ ኬብሉን በእጄ ተከተልሁት። የደረስሁበት ቦታ የስብሰባ አዳራሹ ነበር፤ ከመጋረጃው ኋላ አንድ የቤት ዋይፋይ ራውተር ተቀምጧል። ዓርብ ዕለት ለተደረገ ሥልጠና በበጎ ሐሳብ ያመጣው ሰው ኬብሉን በኢንተርኔት መግቢያው ፈንታ ለውስጥ ኮምፒውተሮች በተዘጋጀው የላን ቀዳዳ ላይ ሰክቶታል። ሰዓቱ 7 ሆኖ ነበር። መለያ ቢኖር ኖሮ የ15 ደቂቃ ሥራ የነበረው ነገር መሥሪያ ቤቱን አራት ሰዓት ተኩል አስከፍሎታል።

ይህ ብልሽት በየቦታው ስለሚያጋጥም መከላከያውን አስቀድመው ያብሩት። አብዛኞቹ የሚተዳደሩ (ቅንብራቸው የሚለወጥ) ስዊቾች ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባል አሠራር አላቸው፤ ትክክለኛው ሰርቨር ያለበትን ፖርት ብቻ እንደታመነ አድርገው ሲመዘግቡ፣ ከሌላ ፖርት የሚመጣ የአድራሻ እደላ በሙሉ ይጣላል። አብሮት ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው፣ የኬብል ዙርን ለይቶ የሚዘጋው አሠራር መሥራቱንም ያረጋግጡ፤ ይህ ካልሠራ አንድ ሰው የአንዱን ኬብል ሁለት ጫፎች በግድግዳው ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ሲሰካ መረጃው መውጫ አጥቶ እየተሽከረከረ ኔትወርኩን በሙሉ ያንቃል። የሁሉም ፖርቶች መብራት በአንድነት በፍጥነት ብልጭ ድርግም ሲል ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ከታች ወደ ላይ መፈተሽ

ስልክ ሲደወልልዎት ከወንበርዎ ከመነሣትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተቋረጠው ለእርስዎ ብቻ ነው ወይስ ለጎረቤትዎም፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ከዚያ በፊትስ የተነቀለ ወይም የተዛወረ ዕቃ አለ? ከዚያ ፍተሻው ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይሂድ። የፖርቱ መብራት በርቷል? ካልበራ ጉዳዩ የኬብል ወይም የመብራት ነው። ኮምፒውተሩ የያዘው አድራሻ የእናንተ ነው? በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ዊንዶውስ ከዲኤችሲፒ መልስ አጥቶ ለራሱ አድራሻ አውጥቷል ማለት ነው። ጌትዌዩ (ወደ ውጭ የሚያወጣው መሣሪያ) ለፒንግ (ለሙከራ ጥሪ) ይመልሳል? ከመለሰ የውስጡ ኔትወርክ ደህና ነው። እንደ 8.8.8.8 ያለ የውጭ አድራሻ ይመልሳል? ካልመለሰ ወደ ራውተሩና ወደ አገልግሎት ሰጪው መስመር ይሂዱ። በቁጥር እየመለሰ በስም እምቢ ካለ ዲኤንኤሱ ነው። ልምድ ያለው ሰው ደረጃ ለመዝለል ይፈተናል፤ በግምት ተነሥቼ ሰርቨር ከፍቼ ስፈትሽ ቆይቼ መጨረሻ ላይ የተነቀለ ኬብል ያገኘሁባቸው ቀናት ስላሉ፣ ቅደም ተከተሉን ዛሬም አልዘልም።

መብራትና ኬብል

በእኛ አገር ሁኔታ ከቫይረስና ከሰርጎ ገቦች ይልቅ ብዙ መሣሪያ የሚያጠፋው የመብራት መሄድና መምጣት ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው በአብዛኛው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ በሚመጣው ያልተረጋጋ ኃይል ነው። ራክ ውስጥ ያሉት ስዊች፣ ራውተርና የፋይበር መሣሪያ ሁሉም መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ ይደገፉ፤ ሰርቨሩን በዩፒኤስ አድርጎ ስዊቹን በተራ ዲቫይደር መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሰርቨሩ በርቶ ማንም አይደርስበትም። ሌዘር ፕሪንተር ወረቀቱን ለማሞቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በዩፒኤስ ላይ አይሰካ። የዩፒኤስ ባትሪ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ በሞቃት ክፍል ውስጥ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደክማል። የተገዛበትን ቀን በላዩ ላይ ጽፈው በየሦስት ወሩ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከግድግዳው ነቅለው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይመዝግቡ። ትርፍ ኃይልን ወደ መሬት የሚያወርደው የሕንፃው የመሬት መስመር መኖሩንም በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስፈትሹ።

ኬብል ሲገዙ ዋጋውን ብቻ አይመልከቱ። በገበያ ላይ ከላይ መዳብ የተቀባ ከውስጥ ግን አሉሚኒየም የሆነ ካት 6 ይሸጣል፤ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ቢያደርጉት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ካርቶኑም ሲያነሡት ይቀላል። እንዲህ ያለው ኬብል ለአጭር ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን ሲታጠፍ ይሰበራል፤ እንደ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) እና ካሜራ በኬብሉ በኩል ኃይል ለሚያገኙ መሣሪያዎችም አይመችም። ኮኔክተር በክሪምፐር ሲያሥሩ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አንድ የቀለም ቅደም ተከተል ብቻ ይከተሉ። የተለመደው ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። ከስዊቹ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ርዝመት በአጠቃላይ ከ100 ሜትር አይለፍ። አንድ መስመር 1000 ሜጋቢት መያዝ ሲገባው በ100 ላይ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ አልተነካካም ማለት ነው፤ ምክንያቱም 100 ሜጋቢት በአራት ሽቦ ሲሄድ 1000 ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ተጠቃሚው «ዛሬ ቀርፋፋ ነው» ከማለት ሌላ ምልክት ስለማይሰጥዎት የፖርቶቹን ፍጥነት በየወሩ አንድ ጊዜ ይመልከቱ።

የአድራሻ ዕቅድ

192.168.0 እና 192.168.1 የሚሉትን አድራሻዎች ለመሥሪያ ቤት አይምረጡ። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚጠቀሙት እነዚህን ስለሆነ፣ ሠራተኛ ከቤቱ በቪፒኤን (በኢንተርኔት በኩል በተመሰጠረ መስመር) ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ የሁለቱ ወገን አድራሻ ይጋጫል። በ10 ከሚጀምሩት ውስጥ መርጠው ሦስተኛው ቁጥር ከቪላኑ (በስዊቾቹ ላይ ተለይቶ ከተከፈለው ኔትወርክ) ቁጥር ጋር እንዲመሳሰል ቢያደርጉ፣ ለምሳሌ ቪላን 20ን 10.1.20.0/24 ቢሉት፣ 254 አድራሻ ያገኛሉ፤ አድራሻውን ያየ ሰውም የየትኛው ክፍል እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ሠራተኞች፣ እንግዶች፣ ካሜራዎችና ሰርቨሮች በየራሳቸው ቪላን ይቀመጡ። የእንግዳ ዋይፋይ ከፋይናንስ ኮምፒውተሮች ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ የሚኖርበት ምንም ምክንያት የለም።

ለውጥ ሲያደርጉ

ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት ሦስት መስመር ይጻፍለት፦ ምን እንደሚለወጥ፣ ተሳክቶ እንደሆነ በምን እንደሚታወቅ፣ ካልተሳካ እንዴት ወደ ነበረበት እንደሚመለስ። ሦስተኛውን መጻፍ ካቃተዎት ለውጡን ለማድረግ ገና አልተዘጋጁም። በሲስኮ ኩባንያ መሣሪያዎች አሁን የሚሠራው ኮንፊገሬሽንና ሲነሣ የሚነበበው የተለያዩ ናቸው፤ ለውጡን ካላስቀመጡ መብራት በጠፋ ጊዜ ሥራዎ ሁሉ ይጠፋል። ይኸው ባሕርይ ግን ከርቀት ሲሠሩ ይጠቅማል፦ መሣሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ ካዘዙት በኋላ ለውጡን ሳያስቀምጡ ያድርጉ፤ ራስዎን ቆልፈው ካስወጡ በቀድሞው ኮንፊገሬሽን ይነሣል፤ ከተሳካ ትእዛዙን ሰርዘው ያስቀምጡ። በማይክሮቲክ ኩባንያ መሣሪያዎች ይህንኑ አገልግሎት የሚሰጠው ሴፍ ሞድ ነው፤ ግንኙነትዎ ከተቋረጠ ያደረጉትን ይመልሰዋል።

የኮንፊገሬሽኖቹን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ከመሣሪያው ውጭ ያስቀምጡ፤ የኔትወርኩን ሥዕልና የአድራሻ ዝርዝሩን ደግሞ በወረቀት አትመው በተቆለፈ ካቢኔ ውስጥ ይያዙ። ሰነዱ ያለው በሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነ ኔትወርኩ በወደቀ ቀን እርስዎም ሊያነቡት አይችሉም። የይለፍ ቃሎቹ በታሸገ ፖስታ በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ይቀመጡ፤ ፖስታው በተከፈተ ቁጥር ይቀየሩ። ከርቀት ለመግባት ቴልኔትን ዘግተው የሚላከውን የሚመሰጥረውን ኤስኤስኤችን ይጠቀሙ፤ ቴልኔት የይለፍ ቃሉን እንዳለ በግልጽ ይልከዋል።

የሰዓት ጉዳይ

እንግሊዝኛ መጻሕፍት የማያነሡት በእኛ አገር የሚያጋጥም ችግር አለ። ሠራተኛው «ከ4 ሰዓት ጀምሮ ተቋርጧል» ሲል በመሣሪያው መዝገብ ላይ የሚፈለገው 10:00 ነው። ከዚህ የሚከብደው የሌሊቱ ነው፦ ጥበቃው «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ነበር» ቢልዎት በመሣሪያው አቆጣጠር ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ 01:00 ነው፤ በዚያ ላይ እሱ መስከረም 1 ቀን 2018 የሚለውን መሣሪያው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ብሎ ይጽፈዋል። በደብተርዎ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የመጻፍ ልማድ ይኑርዎት። ሁሉም መሣሪያዎች ሰዓታቸውን ኤንቲፒ በሚባለው የሰዓት ማስተካከያ አገልግሎት ከአንድ ምንጭ እንዲወስዱ ያድርጉ፤ የሰዓት ቀጠናውንም ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት የቀደመ አድርገው ይሙሉት። ይህ ካልተደረገ ብዙ መሣሪያዎች መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀናቸው ወደ 1970 ወይም ወደ 1993 ይመለሳል፤ የተጻፈው መዝገብም ለምርመራ አይረባም።

ሙያውን ማሳደግ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከተጠቃሚ ድጋፍ ወይም ከጥገና ክፍል ነው፤ ይህን ደረጃ የሚንቅ ይጎዳል፤ ሰው ችግሩን በምን ቃል እንደሚገልጽ የሚማሩት እዚያ ነው። በቴክኒክና ሙያ በሃርድዌርና ኔትወርክ አገልግሎት ሠልጥነው የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ያለፉ ሰዎች በእጅ ሥራው ብዙ ጊዜ ከዲግሪ ተመራቂዎች ይቀድማሉ፤ የሚጎድላቸው የአድራሻና የራውቲንግ (የመረጃ መንገድ አመራረጥ) ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ለተመራቂው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁለቱም የጎደላቸውን ለመሙላት በነፃ በሚገኘው የሲስኮ የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም በፓኬት ትሬሰር መጀመር ይችላሉ።

ከሰርተፊኬቶች መካከል በቅጥር ማስታወቂያዎች ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ሲስኮ የሚሰጠው ሲሲኤንኤ ነው። ፈተናው 200-301 የሚል መለያ አለው፤ 120 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰርተፊኬቱም የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነው። መደበኛ ዋጋው 300 ዶላር ስለሆነ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህን ያህል ገንዘብ ከደመወዝ ቆጥቦ የሚከፍል ሰው ለፈተናው ሳይዘጋጅ እንዲቀመጥ አልመክርም፤ የተሰረቁ የፈተና ጥያቄዎችን ሸምድዶ ማለፍን ደግሞ ፈጽሞ አልመክርም። በቃለ መጠይቅ ላይ «አንድ ሠራተኛ ኢንተርኔት የለኝም ቢልዎት ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ የሸመደደው ሰው የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ለፈተናው ገንዘቡ ካልተገኘ፣ ያገለገለ አነስተኛ የማይክሮቲክ ራውተርና አንድ የሚተዳደር ስዊች ገዝቶ በቤት ውስጥ ቪላን፣ ዲኤችሲፒና ፋየርዎል ማዋቀር ከፈተና የማይተናነስ ትምህርት ይሰጣል።

ለቀጣሪ የሚያሳዩት ሥራ ያዘጋጁ። የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎን እውነተኛ አድራሻና ኮንፊገሬሽን ይዞ መዞር ክህደት ስለሆነ፣ በምናብ የፈጠሩትን ባለ 3 ፎቅ መሥሪያ ቤት ሥዕል፣ የአድራሻ ዕቅድና የአንድ ለውጥ ሰነድ ይሥሩ። ይህ ውጭ ላሉ ወገኖችም ይሠራል፦ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ብዙ የማይርቀው በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው አሽበርን በዓለም ላይ ዳታ ሴንተሮች (የሰርቨር ማዕከላት) እጅግ ከተከማቹባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በዚያ የጀማሪ ቴክኒሽያን የዕለት ሥራም ኬብል መዘርጋት፣ መለያ መለጠፍና የሠሩትን መመዝገብ ነው።

ሥራ በሚለቁበት ጊዜ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለርክክብ ይጠይቁ። ከተተኪዎ ጋር ከመስመሩ መግቢያ እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ አብረው ይሂዱ፤ በመዝገቡ ላይ ያለውና በዓይን የሚታየው መመሳሰሉን እሱ ያረጋግጥ፤ የዋናው ስዊች ባክአፕ በመጠባበቂያ መሣሪያ ላይ ሲመለስ እጁ ይልመድ። በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ የተመዘገበው ስልክ ከእርስዎ ወደ እሱ ይዛወር። ርክክቡን በሦስት ቅጂ ተፈራርማችሁ አንዱን ለኃላፊው ይስጡ፤ የራስዎንም አካውንት እሱ ባለበት ይዝጉ።